ባሕረኛው ጋሼ መኮንን

መሬት ላይ ቆሞ ባሕርን የሚያዝ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ጎረቤቴ ጋሼ መኮንን ኒው አልባኒ በምትባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ ያቺን የዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳሉ። ዘንድሮ ከባለቤታቸው ጋር ፀጥ ያለች የግሪክ ደሴት በኪራይ ጀልባ ሊዞሩ ቡክ አደረጉ። ከዚያ ወዲያ "እንዴት አደሩ?" ስላቸው የሚመልሱልኝ የነፋሱን አቅጣጫ ሆነ።

አንድ ቀን ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ፣ "ለመሆኑ መዋኘት ትችላለህ? ካልቻልክ እኔ አልሳፈርም" አሏቸው።

ጋሼ ማታውኑ በሬን አንኳኩተው መዋኛ ውሰደኝ አሉኝ። በማግስቱ ሂሊያርድ ከተማ ወዳለ መዋኛ ወሰድኳቸውና ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር ተመዘገቡ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የገንዳውን ጠርዝ ሙጥኝ አሉ። በአራተኛው ግን ለቀቁት፤ እየተንቦጫረቁ፣ ግማሹን ውሃ ጠጥተው ማዶ ደረሱ።

"አልማዝን ኮል አድርግልኝ" አሉኝ እየሳሉ። "እሷም መጥታ ትመዝገብ።"