ሁለት የፈረሙበት ግድግዳ

ትናንት ሌሊት ያየሁትን ሕልም ለጠላቴም አልመኝም። ነገሩ የጀመረው ከውሉ ነው። ውብሸትን ካወቅሁት ገና አምስት ቀኔ ነበር፤ ለብቻችን የሚያከራየን ስላጣን ደላላው አገናኘንና ከእትዬ ብርቄ አንድ ክፍል በጋራ ያዝን። ውሉ ‹‹ተከራዮቹ በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ናቸው›› ይላል፤ አንዱ ላጠፋው ሌላውም ይጠየቃል ማለት ነው። ‹‹ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት ክልክል ነው›› የሚልም አለበት። ውብሸት ሳያነብ ፈረመ። እኔ አንብቤ ፈረምኩ፤ የባሰው ሞኝ እኔ ነኝ። ትናንት ማታ ታዲያ እንዳይመታ እየለመንኩት ትልቅ መስታወቱን በሚስማር ሰቅሎ ተኛ።

በሕልሜ ሰው የሚከራዩት ቤቶች ነበሩ። ደላላው የእትዬ ብርቄን ቤት በገመድ እየጎተተ መጣ። ቤቱ በሩን ከፍቶ አሸተተን፤ ጥርሳችንንም አየ።

‹‹ያስላሉ?›› አለ።

‹‹ይሄኛው ሲበርደው ትንሽ ያስላል፤ ግን ጨዋ ነው›› አለ ደላላው ወደ እኔ እያመለከተ።

‹‹ስንት ናቸው?››

‹‹ሁለት።››

‹‹ለእኔ አንድ ናቸው›› አለና ዋጠን።

ውስጥ ገብተን ሳንቀመጥ ውብሸት መዶሻ አወጣና ሚስማር መታ። ግድግዳው ምንም አልሆነም። ደም የወጣው ከእኔ ትከሻ ነው።

‹‹ኧረ ተው ውብሸት! እኔን እኮ ነው የምትመታው!››

‹‹አይዞህ፣ ትንሽዬ ናት›› አለና ደገመኝ።

ጩኸቴን ሳልጨርስ ፍርድ ቤት ቆሜ ነበር። ዳኛው ለበዓል የተገዛ በግ ነው፤ ውላችንን እያኘከ ያነባል። ከኋላዬ ሉካንዳ ቤቶቹ ሁሉ ተሰልፈው ተራቸውን እየጠበቁ ይንቀጠቀጣሉ። ከሳሹ ቤት ለችሎቱ ክብር ጣሪያውን አውልቆ ቆሟል።

‹‹ክቡር ዳኛ፣ የመታው እሱ ነው›› አልኩ።

‹‹ማን መታ ብዬ መቼ ጠየቅሁህ?›› አለ በጉ። ‹‹ቁራኛ ይታሰሩ!››

እንደ ድሮ ተሟጋች የእኔን ጋቢ ጫፍ ከውብሸት ጋቢ ጫፍ ጋር ቋጠሩት። ውብሸት ጠቀሰኝና ከጋቢው ውስጥ ሹልክ ብሎ ወጥቶ ሄደ። እኔ ቋጠሮውን ለመፍታት በታገልኩ ቁጥር ይጠብቅብኝ ጀመር። ባዶው ጋቢ እኔ ላይ ታስሮ ቀረ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

‹‹እሱ አመለጠ!›› ብዬ ጮህኩ።

በጉ የውሉን ፊርማ ዋጥ አደረገ። ‹‹አንዱ ካለ ይበቃል›› አለ። ግድግዳዎቹ ወደ እኔ መጠጋት ጀመሩ፤ ትንፋሽ አጠረኝ።

ስባንን ነግቷል። ብርድ ልብሱ አንገቴ ላይ ተጠምጥሟል።

‹‹ውብሸት፣ ምን ዓይነት ቅዠት መሰለህ…›› እያልኩ ዞር አልኩ።

ፍራሹ የለም። ሻንጣውም የለም። መስታወቱን ሲነቅል ጭቃው አብሮ ወርዶ ግድግዳው ላይ ጭንቅላት የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፍቷል። በቀዳዳው ወዲያ ማዶ እትዬ ብርቄ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ያዩኛል።

‹‹እትዬ፣ እኔ አይደለሁም! ውብሸት ነው፤ ሄዷል!››

ሻሻቸውን ጠበቅ አደረጉ።

‹‹ግድ የለም ልጄ›› አሉ፣ ‹‹አንተ አለህ።››