ሥጋው ነው

ደስ የሚል ወሬ ያመጣልንን ሰው «እርግጠኛ ነህ? እስቲ አጣርተህ ና» ብለን መልሰን እንደማንልከው ልብ ብላችኋል? የምናስጣራው ክፉውን ብቻ ነው። የእህቴ ባል ጋሽ ግርማም ያደረገው ይህንኑ ነው።

ከሱዳን አሜሪካ መጥተን ኦክላንድ ከሰፈርን ጥቂት ዓመት ሆኖን ነበር። ጋሽ ግርማ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ሰውነቱ የደነደነ፣ ጨዋታ አዋቂ ነበር። ክሊኒኩ በዕድሜ ገፋ ላሉት ሁሉ አንዲት ካርድ ይሰጣል፤ ሰገራ በእንጨት ቀባ አድርጎ መመለስ ነው፣ ዓይን የማያየውን ደም ትለያለች። የእሱ ላይ ደም ተገኘ። ሐኪሙ አንጀቱ ካሜራ ባለው ቱቦ ይታይ አለ።

«ሰሞኑን ፋሲካ እኮ ነበር» አለ ጋሽ ግርማ፣ ፈገግ ብሎ። «ሥጋው ነው። ደሙ የእኔ ሳይሆን የበሬው ነው። ሪፒት ይደረግልኝ።»

አልተሳሳተም፤ ጥሬ ሥጋ ካርዷን ያሳስታታል። ሐኪሙ ግን ከመድገም ቱቦው ይሻላል ብሎ ለመነው። ጋሽ ግርማ ቱቦው በየት በኩል እንደሚገባ ከሰማ ወዲህ ጆሮ አልነበረውም። ሥጋ ትቶ ሰነበተና ካርዷን ደገመ። ንጹሕ ሆነ። እህቴ ዳቦ ደፍታ ጠራችን፤ በላን፣ ሳቅን፣ ቱቦውን ረሳነው።

በዓመቱ ልብሱ ሰፋው። ሆዱ ሲከፈት የአንጀቱ ዕጢ ጉበቱ ደርሶ ነበር።

«ታዲያ ሁለተኛው ምርመራ ዋሸን?» አለች እህቴ። እኔ አስተረጎምኩ።

«አልዋሸም» አለ ሐኪሙ። «ዕጢ በየቀኑ አይደማም። ያን ሰሞን አልደማ ይሆናል። ግን አንዴ ደም ከታየ፣ በኋላ ንጹሕ ቢመጣም የመጀመሪያውን አይሽረውም።»

ይህን ሳንነግረው ጋሽ ግርማን ቀበርነው።

እህቴ በኋላ እኔ ወደ ተዛወርኩበት ሳን ሆዜ መጣች። ትንሽ ቆይቶ ለእሷም ያችው ካርድ ተሰጠቻት፤ ደም አለበት ተባለ። ይደገምልኝ አላለችም። ቀጠሮዋን ይዛ ሄደች፣ በቱቦው ታየች፤ አንጀቷ ደህና ነው፣ የደማው ኪንታሮት ነው አሏት። መኪናዬ ውስጥ ስትገባ ግን እንባዋ ይወርዳል።

«ደህና ነሽ ተብለሽ ምን ያስለቅስሻል?» አልኳት።

«በማደንዘዣ ተኝቼ ነቃሁ፤ በቃ» አለች። «ግርማ የፈራው ይህችን ነው።»