ሊቀ ሞተሪኖ እንዳላማው

መኪና ቆማበት ኮፈን ከፍቶ ብቻውን የቀረ ሰው በአገራችን ታይቶ አይታወቅም። ኮፈኑ በወጉ ሳይደገፍ አንዱ ከየት መጣ ሳይባል ከጎን ይቆማል፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን አስግጎ ይፈርዳል። ለደብረ ማርቆሱ ሰፈራችን የተሰጡን ዳኛ ጎረቤቴ ጋሽ እንዳላማው ናቸው። ማዕረጋቸው እንዳይጓደል «ሊቀ ሞተሪኖ» እላቸዋለሁ፤ በሌሉበት።

ሊቀ ሞተሪኖ መኪናም መንጃ ፈቃድም የላቸውም። ፍርዳቸው ግን አንድ ነው፦ «ሞተሪኖ ነው፤ ምን አለ በለኝ!» ሞተሪኖ ሞተሩን ቀስቅሶ የሚያስነሳው ዕቃ መሆኑንም ያወቅሁት ከእሳቸው ነው። ጎማ ቢተነፍስ፣ «ጎማውማ ሰበብ ነው፤ ሞተሪኖውን አስፈትሽ» ይላሉ። የጎረቤታችን የወለተ ሰንበት ፍሪጅ አልቀዘቅዝ ባለ ጊዜም ያው ነበር ፍርዱ።

ብስቅባቸውም እኔ አልሻልም። የእኔ የመካኒክነት ሙያ ኮፈን ከፍቶ «እህም» ብሎ መዝጋት ነው።

አንድ ቅዳሜ የምወዳትን ሕሊናን የሚጠይቁልኝን ሽማግሌዎች ጭኜ ደብረ ወርቅ ልሄድ ነው። አባቷ የኔታ ገዳሙ «ቀልበ ቢስ አማች አልፈልግም» ብለዋል። ምን ያድርጉ! ባለፈው ቤታቸው ስሄድ የራሴን ጃንጥላ ትቼ የእሳቸውን ይዤ መጥቻለሁ። የሽማግሌዎቹ አለቃ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ታዲያ «ልጁ ቀልብ አለው» ብለው ሊመሰክሩልኝ ነው።

ሞተር አስነሳሁ፤ ማርሽ አስገባሁ። ወዲያው ከረባቴ የተጣመመ መሰለኝ። ነዳጅ እንዳይባክን ሞተሩን አጥፍቼ ወደ መስታወት ሮጥኩ። ተመልሼ ቁልፉን ባዞር ጭጭ! ብደግመው ጭጭ!

ኮፈን ከፈትኩ። «እህም» አልኩ። ሊቀ ሞተሪኖ ከጎኔ ቆመዋል።

«ሞተሪኖ ነው፤ ምን አለ በለኝ!»

«ምን ይሻላል ጋሽ እንዳላማው?»

«ትገፋ!»

ተገፋች። መሪጌታ ነጠላቸውን አደግድገው እየገፉ «ተንሥኡ!» ይላሉ። በቅዳሴ ሕዝቡን ሁሉ የሚያስነሳው ቃል ለእኔ መኪና አልሠራም።

«ልጄ፣ የኔታ እኮ ቀጠሮ ላፈረሰ ሰው በር አይከፍቱም» አሉኝ እያለከለኩ። ሕሊና አመለጠችኝ በቃ!

ጋሽ እንዳላማው ደክሟቸው ገብተው ከጎኔ ተቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ የምልህ፣ ይቺ የማርሹ እጀታ መኪናዋ ስትቆም ወደ ፊት አልነበረችም እንዴ? ዛሬ ወደ ኋላ ምን ወሰዳት?» አሉኝ።

አየሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። መኪናዬ አውቶማቲክ ናት፤ ማርሿ ከመቆሚያው ላይ ካልሆነ ሞተሯ ዓመት ቢለምኑት አይነሳም። ለከረባት ስሮጥ በመሄጃው ላይ ትቻት ነው የወረድኩት።

መሪጌታ በመስኮት ብቅ አሉ። «ምን ተገኘ?»

ሊቀ ሞተሪኖ ፊቴን አዩ፤ ከረባቴን አዩ። ከዚያ ብርድ የመታቸው መስለው ጋቢያቸውን ዘርጋ አደረጉና ከለሉኝ። እጀታዋን ቀስ ብዬ መለስኩ። እሳቸው ወርደው ከኮፈኑ ሥር የሆነ ነገር በድንጋይ ቀጭ ቀጭ አደረጉ።

«አላልኩም? ሞተሪኖ ነው! በል አስነሳ!»

ተነሳች። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡላቸው።

ደብረ ወርቅም መሪጌታ በየኔታ ፊት ቆመው፣ «ልጁስ ቀልብ አለው፤ ያስቸገረው ሞተሪኖው ነው» ብለው መሰከሩልኝ። ሕሊናን ሰጡኝ። ጃንጥላውን መመለስ ግን ረስቼ ነበር።

ጋሽ እንዳላማው የዚያችን እጀታ ነገር ለማንም አንስተው አያውቁም፤ ለእኔም ጭምር። ዘንድሮ ጉልበታቸውን እያመማቸው ከቤት አይወጡም። ኮፈን ሲከፈት ከሰሙ ግን አያስችላቸውም። ስለዚህ አንዳንድ ጠዋት መኪናዬ ደህና ሳለች ኮፈኗን ከፍቼ እቆማለሁ። ከዘራቸውን ተደግፈው ይመጣሉ።

«ደግሞ ምን ሆነች?»

«አልነሳም አለች፣ ጋሽ እንዳላማው። ጉልበትዎስ እንዴት ነው?»

«እሱም ሞተሪኖ ነው» ይሉኛል፤ «ምን አለ በለኝ!»