የሐጂ የሱፍ ሬዲዮዎችና የእኔ ጆሮ

ጀማዓ፣ ዛሬ ጠዋት በገዛ ቤቴ የሠራሁትን ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ሰባውን አልፌአለሁ። ጉልበቴ ደረጃ መውጣት አልወድም ካለኝ ቆይቷል። ዛሬ ግን መሰላል ላይ ነበርኩ።

አሁን ግድግዳው ራቁቱን ነው። የሐረሪ ቤት የገባ ሰው ያውቃል፣ ግድግዳችን ከላይ እስከ ታች ሳህንና ስፌት ነው። የእኛዎቹ በሙሉ ወርደው መደቡ ላይ ተደርድረዋል። አንዷ ሳህን ተሰብራለች።

ባለቤቴ ረምላ ድሬዳዋ ያለች እህቷን ልትጠይቅ ሄዳለች። ማታ ትመለሳለች።

ምን ነካህ አትሉኝም? የነካኝ ሬዲዮ ነው። እሱም የዛሬ ሳይሆን በጃንሆይ ጊዜ የነበረ ሬዲዮ። ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝና ከዚያ ልጀምር።

ያኔ ትራንዚስተር ሬዲዮ ጀጎል ግንብ ውስጥ ብርቅ ነበር። ከዚያ በፊት የምናውቀው ሬዲዮ ሣጥን የሚያክል፣ አንዴ ካስቀመጡት የማይነሳ ነው። አዲሱ ግን እጀታ አለው፣ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ አንጠልጥለኸው ፈረስ መጋላ አደባባይን ታቋርጣለህ። በእርግጥ ማንም ቶሎ አያቋርጥም። ሰው እንዲያይ ቀስ ተብሎ ነው።

እኔ ከግንቡ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ፣ አንድ ቡና ነጋዴ ዘንድ ጸሐፊ ነበርኩ። አለቃዬ ጥሩ ሬዲዮ ነበራቸው። እሳቸው ዜና ሲያዳምጡ እኔም አብሬ ሳዳምጥ፣ ሳላስበው ኤክስፐርት ሆንኩ።

ማን ሾመህ? ራሴ ነኛ።

"ሬዲዮ በጩኸቱ አይመረጥም" እላለሁ፣ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም። "ዝቅ አድርጋችሁ ስሙት። ዝቅ ብሎም የሰውየው ድምፅ ከነደረቱ ከመጣ ግዙት። አፍንጫውን ይዞ የሚያወራ ከመሰለ ተዉት።"

ምክሩን እስከ ዛሬ አምንበታለሁ። ችግር የነበረው መካሪው ላይ ነው።

የሐጂ የሱፍ ሱቅ መኪና ግርግር መግቢያ ላይ ነበር። መኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን ደጅ አውጥተው ቀኑን ሙሉ የሚያንገጫግጩበት ጠባብ መንገድ ነው። ሐጂ ጨርቅ ይሸጣሉ። ሱቃቸው ከወለል እስከ ጣሪያ በጣቃ የተሞላ ነው። ድምፃቸው ደግሞ ወፍራም ነው፣ "አሰላሙ አለይኩም" ሲሉህ ደረትህ ውስጥ ይገባል። አንዲት ልጅ አለቻቸው። ረምላ።

አዎ፣ ያችው ረምላ።

ረምላን ካየሁ ጀምሮ ከሐጂ ሱቅ ብዙ ጨርቅ ገዝቻለሁ። አብዛኛው ሳይሰፋ ቀርቷል።

አንድ ቀን ሐጂ ጠሩኝ። ድሬዳዋ ያለ ነጋዴ ዘመዳቸው ሬዲዮ እያቀረበላቸው ሊሸጡ አስበዋል። ለናሙና የተወሰኑ ልኮላቸዋል። የትኛው እንደሚሻል ግን አያውቁም።

"አንተ ልጅ ጆሮ አለህ ይሉሃል" አሉኝ። "ቤትህ ውሰድና ስማው። ኢንሻአላህ አንተ ደህና ነው ያልከውን ነው የማስመጣው።"

እኔ የሰማሁት ግን "ለልጄ የሚሆን ሰው አገኘሁ" የሚል ነው። ጆሮዬ እንግዲህ ከዚያን ቀን ጀምሮ ችግር ነበረበት ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሬዲዮ ቆዳ የለበሰ፣ ደረተ ሰፊ ነበር። ሱቅ ውስጥ ስንሰማው ድምፁ ማር ነው። ቤት ወሰድኩት፣ መደቡ ላይ አስቀመጥኩት፣ ከፈትኩት። ዜና አንባቢው አሳምሮ ጀመረ። ድምፁን ወፈር ሲያደርግ ግን...

ዝዝዝ።

አንቴናውን አዞርኩ። ዝዝዝ። ባትሪ ድንጋዩን ቀየርኩ። ዝዝዝ። ዝቅ አደረግኩት። ዝዝዙም አብሮት ዝቅ አለ እንጂ አልጠፋም።

በማግስቱ ለሐጂ መለስኩላቸው። ሱቁ ሰው ሞልቶታል። ሌላ ሰው ቢሆን ጠጋ ብሎ ሹክ ይላቸው ነበር። ኤክስፐርት ግን ሹክ አይልም።

"ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ሬዲዮ ይነፋነፋል።"

ሐጂ እዚያው ከፈቱት። ጥርት ብሎ አወራ። "የታለ?" አሉኝ።

"እዚህ አይሰማም። የስፌት መኪናው ይሸፍነዋል።"

አመኑኝ። እንዴት እንዳመኑኝ ሳስበው አሁንም አንጀቴን ይበሉኛል።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል፣ በመልክም በድምፅም። ቤት ሲገባ ዝዝዙም በለጠ። እናቴ "ልጄ፣ እኔ እኮ ደህና ይሰማኛል" አለች።

"ጆሮሽ ገና አልለመደም" አልኳት።

እናቱን እንዲህ የሚል ሰው መጨረሻው ምን ይሆናል? አንብቡ።

ሦስተኛዋ መዳፍ የምታህል ነበረች። ወፍራም ድምፅ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ቤት ወስጄ ከፈትኳት። ዝዝዝ የለም! ዜናው አለቀ፣ ዘፈን መጣ፣ ዘፈኑም አለቀ። ዝዝዝ የለም።

ሮጬ ለሐጂ አበሰርኳቸው። ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡና ፊታቸው ተኮማተረ። "ሰውየው ጉንፋን ይዞታል እንዴ?"

"ሐጂ፣ ንጹሕ ድምፅ ስላልለመዱ ነው።"

ከመጋረጃው ጀርባ ረምላ ስትስቅ ሰማሁ። በደስታ መስሎኝ ነበር።

ሐጂ ትልልቆቹን ሬዲዮዎች "ይነፋነፋሉ" ብለው ወደ ድሬዳዋ መለሱ። ዘመዳቸው ዕቃዬን አዋረድክ ብሎ ተቀየማቸው። እሳቸው ግን በእኔ ቃል ጸንተው ትንንሾቹን በካርቶን አስመጡ። ብዙም ሳይቆይ የገዛው ሰው ሁሉ ይዞ ይመለስ ጀመር። "ሐጂ፣ ይሄ ዜና አንባቢ ቆርቆሮ ውስጥ ነው እንዴ የሚቀመጠው?" ይሏቸዋል። ሐጂም እኔ እንዳስተማርኳቸው "ንጹሕ ድምፅ ስላልለመዳችሁ ነው" ብለው ይመልሳሉ።

የራሴን ቃል ከእሳቸው አፍ ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ወላሂ ደስ ይለኝ ነበር።

እኔ በበኩሌ ሽማግሌ እያዘጋጀሁ ነው። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሐጂ ቤት ሄደው ረምላን ሊጠይቁልኝ ነው። ጆሮዬን ያመነ ሰው ልጁን አይከለክለኝም የሚል ነው ስሌቴ።

ከዚያ በፊት ግን የእናቴ አፎቻ ተራ ደረሰ። አፎቻን የሐረሪ ዕድር በሉት። ሴቶቹ የራሳቸው አላቸው፣ ለሠርጉም ለለቅሶውም ይደጋገፉበታል፣ በየቤቱም በተራ ይሰበሰባሉ። በዚያ ቀን ቤታችን ሴት በሴት ሆነ። የረምላ እናት መጥተዋል። ረምላም አብራቸው መጥታለች።

እኔ ወንድ ስለሆንኩ ጎን ካለችው ትንሿ ክፍል ተቀምጫለሁ። ልቤ ግን ወዲያ ነው።

ከበሮ ተመታ። ዘፈን ተጀመረ።

ዝዝዝ።

ዘልዬ ተነሳሁ። ያን ድምፅ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። ያን የሚነፋነፍ ሬዲዮ ማን መልሶ ቤቴ አስገባው? ሐጂ ረምላን አስይዘው ላኩት እንዴ? ሳላስበው በሩን ከፍቼ ሴቶቹ መሃል ቆምኩ።

"ሬዲዮውን ማነው የከፈተው?"

ዘፈኑ ተቋረጠ።

ሬዲዮ የለም። ያለው ከበሮ ነው። ከበሮውን የያዘችው ደግሞ ረምላ ናት።

አየችኝ። ከበሮውን አንድ ጊዜ መታችው። ዝዝዝ። እጇን ሰበሰበች። ዝዝዙም ቆመ። ከዚያ ከበሮውን ለጎረቤቷ አቀብላ ተነሳችና ወደ ግድግዳው ሄደች። የእናቴን ሰማያዊ ጠርዝ ያላት የሸክላ ሳህን በጣቷ ጫን አደረገቻት።

"እስቲ ምቺው" አለች።

ከበሮው ተመታ። ምንም የለም።

ጣቷን አነሳች። ዝዝዝ።

"አባቴ ይህን ሳይሰሙ አያድሩም" አለች ረምላ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናቴም ሳቀች፣ ያውም ከሁሉም በላይ። የተወለድኩበት ቤት እኮ ነው! ያችን ሳህን ዕድሜዬን ሙሉ ሳያት ኖሬ፣ ማየቱን ስለለመድኩት እንደሌለች ሆናብኝ ነበር። ጥሩ ሬዲዮ በገባ ቁጥር ወፍራም ድምፁ ያንቀጠቅጣታል። እኔ ደግሞ ሬዲዮውን እሰድባለሁ። ጉንፋናሟ ትንሽ ሬዲዮ ሳህን የማንቀጥቀጥ አቅም ስለሌላት ተሾመች።

ወደ ሐጂ ሱቅ በረርኩ። ከወሬው ልቅደም ብዬ ነው። ጀጎል ውስጥ ወሬ ለመቅደም የሞከራችሁ ታውቁታላችሁ። መኪና ግርግር ስደርስ ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን አቁመው ይጠብቁኛል።

"አቦ፣ ኤክስፐርቱ መጣ" አለ አንዱ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ "ዝዝዝ" አሉኝ።

ሐጂ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ሐጂ፣ አጥፍቻለሁ" አልኩ። "ሬዲዮዎቹ ደህና ነበሩ። ዕቃውን ያስመለስኩዎትም፣ ከዘመድዎ ያቀያየምኩዎትም እኔ ነኝ።"

ተነስተው ሱቁን ዘጉ። "ቤታችሁ እንሂድ" አሉኝ።

እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ሄድን። እኔም በልቤ ረምላን ተሰናበትኳት። ከእንግዲህ በዚያ ሱቅ በር እንዴት አልፋለሁ እያልኩ ነው የምሄደው። ስንደርስ ሴቶቹ ሄደዋል። ሐጂ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፣ መሃል ቆሙና በዚያ ድምፃቸው ለእናቴ "አሰላሙ አለይኩም" አሏት።

ዝዝዝ።

ሳህኗን አዩ። እኔን አዩ።

"እኔንስ ድሬዳዋ ትመልሰኛለህ?"

ሽማግሌዎቹ በጁምዓው ሄዱ። ሐጂ የሰጧቸውን መልስ ዘመድ ሁሉ እስከ ዛሬ ሠርግ ላይ ያነሳብኛል። "ልጁ ውሸታም አይደለም፣ ራሱ መጥቶ ነግሮኛል" አሏቸው። "ጆሮውም ደህና ነው። የጎደለው ዓይን ነው። ዓይን ደግሞ ልጄ አላት።"

ከዘመዳቸው ጋር ያስታረቅኳቸውም እኔው ነኝ። ድሬዳዋ ድረስ ሄጄ፣ ሰው ፊት ዝዝዝ እያልኩ አስረድቼ።

ረምላ ከነሳህኖቿ ገባች። ሰማያዊዋን ግን ከሁሉም አስበልጣ በሩ ትይዩ ሰቀለቻት። ከውጭ በገባች ቁጥር በጣቷ ነካ ታደርጋታለች፣ ሳህኗም ትመልስላታለች። አንድ ጊዜ "ልቤ ወደ አንተ መቼ እንደሄደ ታውቃለህ? ሬዲዮውን ማነው የከፈተው ብለህ የገባህ ጊዜ ነው" አለችኝ። በሕይወቴ አውቄ ከሠራሁት ሁሉ ሳላውቅ የሠራሁት ይህ ስህተት ጠቅሞኛል።

እሺ፣ አሁን ወደ ዛሬ ጠዋት።

የልጅ ልጄ ሰሚራ ብሉቱዝ ስፒከር ገዝታ መጣች። ከፈተችው። ዝዝዝ።

"አባባ፣ ይሄማ ብልሽት ነው፣ ልመልሰው ነው" አለችኝ።

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ይህን ቀን ስጠብቅ የኖርኩ መሰለኝ። "ቁጭ በይ" አልኳት። ሳህኗን፣ ከበሮውን፣ ሐጂን፣ ሁሉንም ተረኩላት። ስንት ጊዜ እንደሰማችው አላህ ነው የሚያውቀው። "ስፒከሩን ተይልኝና ሂጂ። ስትመለሺ የትኛዋ ሳህን እንደሆነች አሳይሻለሁ።" ትምህርቷ ሄደች።

አንዷን አወረድኩ። ዝዝዝ። ሌላዋን አወረድኩ። ዝዝዝ። መሰላል ተበደርኩ። ግድግዳው ቀስ በቀስ ነጣ። መጨረሻ ላይ ሰማያዊዋ ብቻ ቀረች። "አንቺው ነሻ፣ የድሮ ጠላቴ" አልኳት። ላወርዳት ስል ከእጄ አመለጠች።

ግድግዳው ላይ ምንም አልቀረም።

ስፒከሩ ዝዝዝ ይላል።

ሰሚራ ስትመለስ ጆሮዋን አስጠግታ "አባባ፣ ስፒከሩ ራሱ ነው፣ ውስጡ ተቀዷል" አለችኝ። ከዚያ ግድግዳውን አየች፣ መሬቱን አየች። "አያቴ ታውቃለች?" ብላ ስፒከሯን ይዛ ልትመልስ ወጣች።

አልቅሻለሁ፣ አልደብቃችሁም። ለሳህን ብዬም አይደለም።

ቁርጥራጩን ሰብስቤ በሙጫ አጣበቅኳት። ከሩቅ አይታወቅባትም። ቦታዋ ሰቀልኳትና በአማቴ ድምፅ "አሰላሙ አለይኩም" አልኳት። ዝም። ሬዲዮ ከፈትኩላት፣ ወፍራም ድምፅ ያለበትን። ዝም። በጣቴ ነካኋት። ዝም። ሙጫው ይሁን ድንጋጤው አላውቅም፣ አፏ ተዘግቷል። መልሼ አወረድኳት።

የሌሎቹም ሳህኖች ቦታ ጠፍቶኛል። ዓይን የለውም ተብሎ በሽማግሌ ፊት የተመሰከረበት ሰው ከየት ያስታውስ? ስለዚህ ቤታችን ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ መጥታችሁ ፎቶ የተነሳችሁ ካላችሁ፣ ከጀርባችሁ ግድግዳው የሚታይበትን ላኩልኝ። እናንተ ባትታዩበትም ግድ የለም።

ረምላ አሁን ደውላ ነበር። ሚኒባሱ ከድሬዳዋ ተነስቷል።

እና ጀማዓ፣ ዝዝዝ የሚል ሳህን የት ነው የሚሸጠው?