ሰላም ብሎ የገባ ነፍሰ ገዳይ

[ሪያድ፣ ራውዳ ሰፈር። የዛኪር ክፍል። ዛኪር የፊልም ሥራ ተማሪ ነው፤ ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሯል። አጠገቡ የተቀመጠው በላይነህ የሰው ቤት ሹፌር ሲሆን በዛኪር ፊልም ላይ ነፍሰ ገዳዩን ሆኖ ተጫውቷል። የሁለቱም ጫማ በሩ ሥር ተቀምጧል። ከቀኑ ለአስር ሰዓት ሩብ ጉዳይ።]

በላይነህ፦ አትቁረጣት!

ዛኪር፦ ትቆረጣለች!

በላይነህ፦ ዛኪር፣ በእናትህ፣ ሰላምታዬን አትቁረጣት። ከፈለግህ አንገቴን ቁረጥ።

ዛኪር፦ ጋሼ በላይነህ፣ እርስዎ እኮ ነፍሰ ገዳይ ነዎት!

በላይነህ፦ ብሆንስ? ነፍሰ ገዳይ አሳዳጊ የለውም?

ዛኪር፦ ቢላ ይዘው ነው የገቡት! ቢላ የያዘ ሰው በር ላይ ቆሞ «ሰላም አለይኩም፣ እንዴት ዋልክ» ይላል?

በላይነህ፦ ቢላውን ከኋላዬ ደብቄ ነው ያልኩት። ነውር መሆኑን አጥቼው ነው?

ዛኪር፦ ይዩት እስቲ! [ፊልሙን ያጫውታል፤ ሟቹን ሆኖ የተጫወተው ሙሳ ነው] ጫማ ማውለቅ፣ አስራ አንድ ሰከንድ። ሰላምታ፣ አርባ ሰከንድ! «ልጆች ደህና? ከብቱ ደህና?» ሙሳ እዚህ ሪያድ፣ መንፉሐ ሰፈር ውስጥ ምን ከብት አለው?

በላይነህ፦ ደህና ናቸው አለኝ እኮ።

ዛኪር፦ ከዚያ ተቀመጡ! ውሃ ስጠኝ አሉት!

በላይነህ፦ ሦስት ፎቅ ወጥቼ ነው። ጠምቶኝ ነበር።

ዛኪር፦ ሊገድሉት የመጡትን ሰው?

በላይነህ፦ ከገደልኩት በኋላ ማን ይሰጠኛል?

ዛኪር፦ [ላፕቶፑን ወደ ጎን ገፍቶ] ያዳምጡኝ። ይሄ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ነው። የመክፈቻውን ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው የምሠራው። መምህሬ ኡስታዝ አብዱልአዚዝ ሁለት ጊዜ ጥሎኛል። ዛሬ እስከ አስር ሰዓት የሚያስፈራ ነገር ካልላክሁ፣ ኸላስ፣ አለቀ፣ ተባረርኩ። አባቴ ደግሞ «ከወደቅህ ፊልም የሚባለውን ትተህ ሱቅ ትገባለህ» ብሎኛል።

በላይነህ፦ እኔስ? ማስተዋል የምትባለውን ልጅ ላገባ ሽማግሌ ልኬያለሁ። ወንድሟ ዛሬ ባጥሐ ገበያ ቀጥሮኛል፣ መልኬንም ጠባዬንም ሊያይ። ፊልሙንም አሳየኝ ብሏል። ሰላም ሳልል ዘው ብዬ ሰው ቤት ስገባ ቢያየኝ ለአባቷ ምን ብሎ ይነግርልኛል?

ዛኪር፦ ሰው ሲገድሉ ማየቱስ?

በላይነህ፦ እሱማ ታሪኩ ነው፤ ይገባዋል። ሰላም አለማለቴን ግን «ማን አሳደገው» ይላል።

ዛኪር፦ ያ አላህ! ጋሼ፣ ፊልም አይገባዎትም። ተመልካች ፊት ፊት ሲያይ፣ ነገሩ በሌላ በኩል ያልቃል። ሁሉን የሚያየው ዳይሬክተሩ ብቻ ነው። የልብ አንጠልጣይ ሕጉ አንድ ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

በላይነህ፦ [በሩ ሥር ያሉትን ጫማዎች እያየ] ጥሩ ሕግ ነው።

ዛኪር፦ እንግዲህ ዝም ብለው ይመልከቱ። [ይቆርጣል] ጫማው፣ ሄደ። ሰላምታው፣ ሄደ። ውሃው፣ ሄደ።

በላይነህ፦ ነፍስ ይማር።

ዛኪር፦ አሁን ግድያው... ምንድን ነው ይሄ? ሙሳ ከመሞቱ በፊት ለምን ትራስ ያስተካክላል?

በላይነህ፦ ወለሉ ወገቤን ያመኛል አለ።

ዛኪር፦ ሄደ! አሁን እርስዎ ሲወጡ... ቆይ። በሩን ከፍተው «ሰላም አለይኩም» አሉ።

በላይነህ፦ ተሰናብቼ ነዋ።

ዛኪር፦ ሙሳ መለሰ!

በላይነህ፦ ይመልሳላ።

ዛኪር፦ ሞቷል እኮ! ዓይኑን እንደጨፈነ «ወአለይኩም ሰላም፣ በሩን ዝጋው፣ ብርዱ ይወጣል» ይላል! ሬሳ ስለ ኤሲ ምን አገባው?

በላይነህ፦ እኔም ጠይቄዋለሁ። «ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነው፤ መሞቴ ግን የውሸት ነው» አለኝ። ምን ልበለው? በሃይማኖቱ አልገባ።

ዛኪር፦ ሄደ! አለቀ! አሁን ፊልም መሰለ። ስንት ሆነ... [ወደ ስክሪኑ ይጠጋል]

በላይነህ፦ ስንት ሆነ?

ዛኪር፦ አስራ ዘጠኝ ሰከንድ።

በላይነህ፦ ጎበዝ። አጭር ነገር አይሰለችም።

ዛኪር፦ ከሁለት ደቂቃ ካነሰ አይቀበልም! የቀረው እርስዎ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ብቻ ነው!

በላይነህ፦ የመብራት ቆጣሪ የማነብ ነው የምመስለው።

ዛኪር፦ በዝግታ እንዲሄድ ላድርገው። [ይነካካል፤ ሁለቱም ያያሉ]

በላይነህ፦ ተው፣ ተው! ጉልበቱን የሚያመው ሰው አስመሰልከኝ። የማስተዋል ወንድም «ይሄማ ሽማግሌ ነው» ሊል ነው።

ዛኪር፦ እንግዲያው እንደገና እንቅረጽ። ለሙሳ ይደውሉለት።

በላይነህ፦ [ቶሎ ብሎ] ለሙሳ አይደወልም።

ዛኪር፦ ለምን?

በላይነህ፦ ሥራ ላይ ነው። ከሰው ጋርም አይነጋገርም ሰሞኑን።

ዛኪር፦ እውነትዎን ነው። ከቀረጻው ቀን ጀምሮ «አዲሱ ጫማዬ ጠፋ» እያለ ሁሉም ላይ ይጮኻል።

በላይነህ፦ የዘንድሮ ሰው!

ዛኪር፦ [ሰዓቱን አይቶ] አራት ደቂቃ ቀረ! ያ ረቢ፣ ምን ልሁን?

በላይነህ፦ የቆረጥከውን መልሰዋ።

ዛኪር፦ ሁሉንም?

በላይነህ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። በል ልቀማት።

[ዛኪር የቆረጠውን ሁሉ ይመልሳል፤ ይልከዋል፤ ትራስ አንሥቶ ፊቱን ይሸፍናል።]

ዛኪር፦ ተላከ። ከነውሃው፣ ከነከብቱ። ሱቅ ልገባ ነው፣ ጋሼ። ሦስት ዓመት የለፋሁበት ነገር በእርስዎ ሰላምታ ገደል ገባ።

በላይነህ፦ አይዞህ ልጄ። ሱቅ ከገባህ ሰላምታ ያስፈልግሃል።

[የዛኪር ስልክ ይጮኻል።]

ዛኪር፦ ኡስታዝ ነው! ድምፅ ልኳል። እርስዎ ያዳምጡልኝ፣ እኔ አልችልም።

በላይነህ፦ እኔ ከዐረብኛ የማውቀው «ቀኝ ታጠፍ» እና «ቶሎ በል» ነው። እንደዚያ ካለ እነግርሃለሁ።

ዛኪር፦ [ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ይተረጉማል] «ያ ዛኪር... ብዙ ተማሪ አስተምሬአለሁ። እንዲህ ያለ ጨካኝ ነፍሰ ገዳይ ግን አላየሁም።»

በላይነህ፦ እኔን ነው?

ዛኪር፦ «ጫማውን አውልቆ፣ የልጆቹን ጤና ጠይቆ፣ ውሃውን ጠጥቶ ይገድለዋል! ሬሳው ሰላምታ ሲመልስማ ሻዩን ልብሴ ላይ ደፋሁት። ተነሥቼ በሬን ቆለፍኩ።»

በላይነህ፦ ምስኪን። ብቻውን ነው የሚኖረው?

ዛኪር፦ ቆይ... «ከሁሉ የገረመኝ ግን የገደለበት ምክንያት ነው። ሲገባ የተቀደደ ጫማ አድርጎ፣ ሲወጣ የሟቹን አዲስ ጫማ አድርጎ! ለአንድ ጥንድ ጫማ ብሎ! ይህን ያሰበው ማን ነው? አልፈሃል።»

[ዛኪር ፊልሙን መልሶ ያጫውታል፤ አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ ይደርሳል።]

ዛኪር፦ ጋሼ በላይነህ። ይሄ የሙሳ ጫማ ነው።

በላይነህ፦ [ይዞት ከመጣው ፌስታል ጫማውን አውጥቶ እያሳየ] ዛሬ ልመልስለት ነው። የእኔ ሶሉ ተገንጥሏል። ወንድምየው ጋ በዚያ እንዴት ልሂድ? የሙሳንም እንዳላደርግ ሙሳ የሚሠራው እዚያው ባጥሐ ነው፤ ካየኝ የእውነት ይገድለኛል።

ዛኪር፦ ሁለት ቀን ሙሉ ስቆርጥ እንዴት አላየሁትም?

በላይነህ፦ ፊቴን ስታይ።

ዛኪር፦ ለማንም እንዳይናገሩ! ሐሳቡ የእኔ ነው። [ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ለመምህሩ መጻፍ ይጀምራል] «ክቡር መምህሬ፣ የጫማውን ነገር ሆን ብዬ ያሰብኩት...»

በላይነህ፦ [በሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ጫማ እያጠለቀ] ልሂድ እንግዲህ፣ ረፈደብኝ።

ዛኪር፦ [ቀና ሳይል] እሺ፣ እሺ። «...ምክንያቱም ከእኔ ዓይን የሚያመልጥ ነገር የለም...»

በላይነህ፦ ሰላም አለይኩም።

ዛኪር፦ [ቀና ሳይል] ወአለይኩም ሰላም፣ በሩን ይዝጉት፣ ብርዱ ይወጣል።

[በሩ ይዘጋል። ዛኪር መጻፉን ያቆማል። ቀስ ብሎ ወደ በሩ ይዞራል። አዲሱ ጫማው የለም። በቦታው ሶሉ አፉን የከፈተ አሮጌ ጥንድ ተቀምጧል።]

ዛኪር፦ [ወደ መስኮቱ ሮጦ] ጋሼ በላይነህ! ጫማዬ!

በላይነህ፦ [ከታች] ማታ ይመለሳል፣ ኢንሻአላህ! ደግሞ ሰላም ብዬህ ነው የወጣሁት፤ ማን አሳደገው እንዳትለኝ!