ይቅደሙ፣ በበረዶ ላይ

በሮተርዳም የበረዶ ውፍረት ጉዳይ ውስጥ ያስገባኝ የጥምቀት ጸበል ጸዲቅ ነው። ድግሱ ዴልፍስሃቨን በተባለው ሰፈር፣ ከውሃ ቦዩ ማዶ ነበር፤ ቦዩ ደግሞ በረዶ ሠርቷል። አንድ ሰው ለመሸከም አሥር ሳንቲሜትር ውፍረት ያስፈልጋል ሲባል ከዳር የቆምነው ተጋባዦች ሁላችንም ሰምተናል፤ የለካ ግን አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፣ አክባሪ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል?

«ጋሼ፣ ታላቃችን እርስዎ ነዎት፤ ይቅደሙ!» አለኝ ደምሴ የተባለ የአገሬ ልጅ፣ ጎንበስ ብሎ።

«ኧረ በሞቴ፣ አንተ ቅደም።»

«እርስዎ ቆመው? ነውር ነው!»

ከኋላችን የቆሙት ሁሉ ነውርነቱን አጸኑ። በመሥሪያ ቤት ዘመኔ ቅድሚያ ተነፍጎኝ አያውቅምና አንድ እግሬን አነሣሁ። ይህን ጊዜ የከተማው ሠራተኛ ደርሶ በረዶውን በስቶ ለካ፤ ስድስት ሳንቲሜትር!

ጥር 11 ቀን 1977 ዓ.ም. ቦዩን በእግር መሻገር በይፋ ተከለከለ። በድልድዩ በኩል ስንዞር ግን «ይቅደሙ» ያለኝ የለም፤ ከማዕዱ የደረስሁት በመጨረሻ ነው።