ታጥበው የመጡት ፕሬዚዳንት

እስቲ ኪሳችሁን ፈትሹልኝ፤ ስንት ፕሬዚዳንት አገኛችሁ? እዚህ አገር መሪ ሆኖ የሞተ ሰው ሳንቲም ላይ ተቀርጾ ኪስ ለኪስ ሲንከራተት ይኖራል። ባሪያ ነፃ ያወጣው ያ ፂማም ሰውዬ፣ ያን ሁሉ ደክሞ፣ የደረሰችው አንዲት ሳንቲም ናት፤ መሬት ወድቆ ቢያዩት እንኳ ጎንበስ የሚልለት የለም። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ትንሽ ይሻላሉ፤ ሩብ ዶላር ላይ ናቸው። ግማሽ ዶላር ላይ ያሉትን ግን አሜሪካኖቹ ራሳቸው ካዩዋቸው ቆይተዋል።

እኔ አየኋቸው! እንዴት አትሉኝም?

ላስ ቬጋስ ውስጥ ካዚኖ በር ላይ ቫሌት ነኝ፤ የሰው መኪና ፓርክ አድርጌ በቲፕ የምኖር ሰው። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ቁልፋቸውን ስመልስላቸው አሮጌ ግማሽ ዶላር እጄ ላይ አኖሩና «ይቺን እንዳታጠፋት» ብለውኝ ሄዱ። ሳንቲሟ ከዕድሜ ብዛት ጠቁራ፣ ዳር ዳሯ ውሃ ላይ እንደፈሰሰ ዘይት ሰማያዊና ቀይ ሆኗል። ሲልቬራዶ ራንች የሚባል ሰፈር ላለ አንድ የድሮ ሳንቲም ነጋዴ ፎቶዋን ላክሁለት። ወዲያው ደወለ። «የድሮዎቹ እውነተኛ ብር ናቸው። ይሄ ቀለም ደግሞ በሰው እጅ አይመጣም፣ ቅዳሜ ይዘሃት ና» አለና ዋጋዋን ነገረኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም!

ደስታዬ ያለ ምክንያት አይደለም። ዲቪ ሲደርሰኝ ከእጮኛዬ ከሰናይት ጋር የተጋባነው በጥድፊያ፣ በጓደኛዬ ቀለበት ነው። ፎቶ ተነሳንበት፣ በማግስቱ መለስንለት። «አሜሪካ ስንገባ የራስሽን አደርግልሻለሁ» አልኳት። ገባን። አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። እሷ አንድም ቀን አላነሳችብኝም፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ታዲያ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። መቼም የእኛን ነገር ታውቁታላችሁ፤ መልካም ነገር እጅ ሳይገባ ከተወራ ይበናል እንላለን። ሳንቲሟን ኩሽና መደርደሪያ ላይ ስኒ ውስጥ ደብቄ ቅዳሜን መጠበቅ ያዝኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ስኒውን ባነሳ ፕሬዚዳንቱ ቦግ ብለው እንደ መስታወት ያበራሉ። አብረውን የሚኖሩት የሰናይት እናት እማማ ዘውዴ ከኋላዬ ቆመው ምስጋና ይጠብቃሉ።

«እማማ፣ ምን አደረጓት?»

«በሎሚ ፈተግኳት ነዋ! አመድ ባጣ በዚያ በቤኪንግ ሶዳችሁ። ጠገራ ብር እኮ እንዲህ ነበር የሚታጠበው። ያን ጥላሸት ይዘህ ሰው ፊት ልትቀርብ ነበር?»

ነጋዴው በአጉሊ መነጽሩ አንዴ አየና የቤተሰቡ ሰው የሞተበት መሰለ። «ማን አጠባት?» «አማቴ።» «ዋጋዋ እኮ ጥቁረቷ ነበር፤ አሁን የቀረችው ብሯ ብቻ ናት» ብሎ መለሰልኝ። አለቀ።

ቤት ገብቼ ምስጢሬን ዘረገፍኩት፤ ዋጋውንም፣ ቀለበቱንም። ሰናይት «ለእኔ ነበር?» ብላ በሳቅና በለቅሶ መሃል ቀረች። እማማ ዘውዴ ቀለበት ያለበትን የገዛ ጣታቸውን ዘረጉ። «ይቺን ታያለህ? የሰናይት አባት ጠገራ አስቀጥቅጦ ነው ያደረገልኝ። ብትነግረኝ ኖሮ አልነካትም ነበር። ለመሆኑ እዚህ አገር አንጥረኛ የለም?»

አለ። የእጁ ዋጋ ከሳንቲሟ በለጠ እንጂ አለ። ዛሬ ፕሬዚዳንቱ ተቀጥቅጠው፣ ቀለበት ሆነው፣ የሰናይት ጣት ላይ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ለተቀመጠች ሴት ሁሉ እጇን እየዘረጋች ታሳያለች፤ ሚሊዮን ቢሰጧት እንደማትሸጠው ትምላለች። እኔም አጠገቧ ቆሜ «እንዴታ!» እላለሁ።

እኔን ለብቻዬ ከጠየቃችሁኝ ግን፣ ነጋዴው በነገረኝ ዋጋ ግማሽ እሸጠው ነበር።